ሲበጠስ የሚይዝ ፍሬን፦ የጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ሕይወትና ሥራ

በአገራችን አንድ ከባድ የጭነት ተሽከርካሪ ቁልቁለት ላይ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ አደጋ ባደረሰ ቁጥር በቅድሚያ የሚነገረው ምክንያት ፍሬን በጠሰ የሚል ነው። አባባሉ ከመለመዱ የተነሳ በዕለት ተዕለት ንግግር ልጓም ያጣን ሰው ለመግለጽ ጭምር ያገለግላል። በውስጡ ያለው ግንዛቤም ግልጽ ነው፤ ፍሬን ከተበጠሰ ተሽከርካሪውን የሚይዘው ነገር የለም ማለት ነው።

ይህንን ግንዛቤ ከ150 ዓመታት በፊት ከሥሩ የገለበጠ አንድ ወጣት የፈጠራ ሰው ነበር። ፍሬን አንድ ቀን መበጠሱ የማይቀር ከሆነ፣ በተበጠሰ ጊዜ መልቀቁ ቀርቶ መያዝ አለበት የሚል መርህ ይዞ ተነሳ፤ መርሁንም በብረትና በአየር ሠርቶ አሳየ። ዛሬ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ይዞ ወደ መሐል አገር የሚጓዘው ባለ ተሳቢ ተሽከርካሪ የተገጠመለት የአየር ፍሬን በዚሁ መርህ ላይ የተመሠረተ ነው። የፈጠራው ባለቤት አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዌስቲንግሃውስ ኦክቶበር 6 ቀን 1846 በኒውዮርክ ግዛት ሴንትራል ብሪጅ በምትባል አነስተኛ መንደር ተወለደ። አባቱ የእርሻ መሣሪያዎችን የሚሠሩ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ በ1856 ወደ ስኬኔክታዲ ከተማ ተዛውሮ በዚያ የማምረቻ ወርክሾፕ አቋቋሙ። ልጁ በትምህርት ቤት ያን ያህል የተመሰገነ ተማሪ አልነበረም። ልቡ የሚያርፈው በአባቱ ወርክሾፕ ውስጥ፣ በመፍጫና በመቁረጫ ማሽኖች መካከል ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚያወሱት፣ አንድ ቀን አባቱ ክምር የብረት ቱቦ እንዲቆርጥ አዝዘውት ሲሄዱ፣ ሥራውን በእጁ መሥራቱን ትቶ ከወርክሾፑ የእንፋሎት ሞተር ጋር የተያያዘ መቁረጫ በማዘጋጀት ቀናት የሚፈጀውን ሥራ በአጭር ጊዜ አጠናቅቋል።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተፋፋመበት በ1863 ገና የ16 ዓመት ወጣት ሳለ በሰሜኑ ጦር ውስጥ ተመዝግቦ ዘመተ። በኋላም ወደ ባሕር ኃይሉ ተዛውሮ በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ አገለገለ። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ወደ ስኬኔክታዲ ተመልሶ በዩኒየን ኮሌጅ ትምህርት ቢጀምርም፣ ከሦስት ወራት ያህል ቆይታ በኋላ ኮሌጁን ለቅቆ ወደ አባቱ ወርክሾፕ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ለሠራው የእንፋሎት ሞተር የመጀመሪያውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። በወቅቱ ዕድሜው 19 ዓመት ነበር።

ከዚህ በኋላ ትኩረቱ ወደ ባቡር ሐዲድ ዞረ። በጉዞ ላይ ሳለ ከሐዲድ የወጡ ፉርጎዎችን ሠራተኞች በከፍተኛ ድካም ሲመልሱ ተመልክቶ፣ ፉርጎን በቀላሉ ወደ ሐዲዱ የሚመልስ መሣሪያ ሠራ። ይህ መሣሪያ ከባቡር ኩባንያዎች ጋር አስተዋወቀው። ከሁሉ በላይ አእምሮውን የያዘው ግን ከስኬኔክታዲ ወደ ትሮይ ከተማ ሲጓዝ የገጠመው ሌላ አደጋ ነው። ሁለት የጭነት ባቡሮች በጠራ ቀን፣ በተስተካከለና ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት ተጋጭተው መንገዱን ዘግተውት ነበር። ነጂዎቹ አስቀድመው ተያይተዋል፤ ሆኖም ባቡሮቹን ለማቆም በቂ ጊዜ አላገኙም። ወጣቱን ያሳሰበው ይህ ነበር። ነጂው አደጋውን እያየ ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም።

የዚያን ዘመን የባቡር ፍሬን አሠራር ለተመለከተ ነገሩ የሚያስገርም አይደለም። እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ የእጅ ፍሬን ነበረው። ነጂው ማቆም ሲፈልግ በፊሽካ ምልክት ይሰጣል። ፍሬን ያዥ የሚባሉት ሠራተኞችም ምልክቱን ሲሰሙ በፉርጎዎቹ ጣሪያ ላይ እየሮጡ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለሉ፣ በየፉርጎው አናት ላይ ያለውን መዘውር በእጃቸው ያጠብቃሉ። ይህም በሌሊት፣ በዝናብና ጣሪያው በበረዶ በተሸፈነበት ወቅት ሁሉ የሚፈጸም ነበር። እግሩ የከዳው ሠራተኛ በፉርጎዎቹ መካከል ይወድቃል፤ ዝቅተኛ ድልድይ መምጣቱን ያላስተዋለውም ሕይወቱን ያጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ረጅም ባቡር ለመቆም ሰፊ ርቀት ይፈልግ ነበር።

ዌስቲንግሃውስ በመጀመሪያ የሞከረው ከፊት እስከ ኋላ በተዘረጋ ሰንሰለት ፍሬኖቹን በአንድነት መሳብ ነበር። ሆኖም ባቡሩ በረዘመ መጠን ሰንሰለቱ የማይሆን ሆነ። እንፋሎትን በቱቦ ማስተላለፍንም አሰበ፤ እንፋሎት ግን በረጅም ቱቦ ውስጥ ሲጓዝ ቀዝቅዞ ወደ ውኃነት ይለወጣል። በዚህ መሐል አንድ መጽሔት እጁ ገባ። በመጽሔቱ ላይ በፈረንሳይና በኢጣሊያ መካከል በአልፕስ ተራሮች ሥር ስለሚቆፈረው የሞን ስኒ ዋሻ የሚያትት ጽሑፍ ነበረበት። በዚያ ሥፍራ ቋጥኙን የሚሰረስሩት ማሽኖች የሚንቀሳቀሱት ከዋሻው ደጃፍ በቱቦ በሚላክ የታመቀ አየር መሆኑን አነበበ። አየር እንደ እንፋሎት አይቀዘቅዝም፣ እንደ ሰንሰለትም አይረዝምም አያጥርም። በተራራ ሆድ ውስጥ ኃይል ማስተላለፍ ከቻለ፣ በባቡር ሆድ ሥር የማይችልበት ምክንያት አልታየውም።

በ1867 ማርጌሪት ኧርስኪን ዎከርን አግብቶ በቀጣዩ ዓመት ኑሮውን በፔንሲልቫኒያ ግዛት ወደምትገኘው የብረት ከተማ ፒትስበርግ አዛወረ። በዚያም የአየር ፍሬኑን ሠርቶ በአንድ ሎኮሞቲቭና በአራት ፉርጎዎች ላይ ገጠመ። ስለ መጀመሪያው ሙከራ እንደሚተረከው፣ ባቡሩ ከከተማው ወጥቶ ፍጥነት እንደጨመረ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ በማቋረጫው ላይ ቆሞ ተገኘ። ነጂው አዲሱን ፍሬን ሲይዝ ለእይታ የተጋበዙት እንግዶች ከመቀመጫቸው ተወረወሩ፤ ባቡሩም ከጋሪው አንድ ሜትር ገደማ ሲቀረው ቆመ። ዌስቲንግሃውስ የፈጠራውን የባለቤትነት መብት ያገኘው ኤፕሪል 13 ቀን 1869 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዌስቲንግሃውስ ኤር ብሬክ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ዕድሜው ገና 22 ነበር።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የአየር ፍሬን አንድ መሠረታዊ ጉድለት ነበረበት። የታመቀው አየር የሚጠራቀመው በሎኮሞቲቩ ላይ ባለ አንድ ታንክ ውስጥ ነው። ነጂው ቫልቩን ሲከፍት አየሩ በቱቦው ወደ ፉርጎዎቹ ይሄድና ፍሬኑን ያሲዛል። በሌላ አነጋገር፣ ቱቦው ባዶ ሲሆን ፍሬኑ የተለቀቀ ነው፤ አየር ሲገባበት ይይዛል። በመሆኑም አንዱ የጎማ ቱቦ ቢበጠስ ወይም ፉርጎዎቹ መንገድ ላይ ቢለያዩ፣ አየሩ ወደ ውጭ ይወጣና ባቡሩ ያለ ፍሬን ይቀራል። ብልሽቱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አይታወቅም። ፍሬኑ አለመኖሩ የሚታወቀው በተፈለገበት ቅጽበት ነው።

ብዙ ደንበኞች ባገኘ ምርት ላይ እንዲህ ያለውን ጉድለት አምኖ እንደገና መጀመር ለአንድ ባለሀብት ቀላል አይደለም። ዌስቲንግሃውስ ግን ይህንኑ አደረገ። በ1872 የባለቤትነት መብት ባገኘበት አዲስ ፈጠራ አሠራሩን ከላይ ወደ ታች ገለበጠው። በእያንዳንዱ ፉርጎ ሥር የራሱ የአየር ታንክ፣ የራሱ የፍሬን ሲሊንደርና ትሪፕል ቫልቭ የተባለ መቆጣጠሪያ እንዲኖር አደረገ። ቫልቩ ሦስት ሥራ አለው፤ ታንኩን መሙላት፣ ፍሬኑን ማስያዝና መልቀቅ። ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋው ቱቦ በጉዞ ወቅት ሁልጊዜ በታመቀ አየር የተሞላ ነው። ግፊቱ እስካለ ድረስ ታንኩ ይሞላል፣ ፍሬኑም ተለቅቆ ይቆያል። ግፊቱ ሲቀንስ ቫልቩ ወዲያውኑ ዞሮ በፉርጎው ታንክ ውስጥ ያለውን አየር ወደ ፍሬኑ ይለቀዋል።

የለውጡ ትርጉም ከፍተኛ ነው። በአዲሱ አሠራር ነጂው ፍሬን ሲይዝ አየር አይልክም፤ አየር ያስወጣል። ቱቦ ሲበጠስም አየር ይወጣል። ፉርጎዎች ሲለያዩም አየር ይወጣል። ፍሬኑ በነጂው እጅ የወጣውን አየር በብልሽት ከወጣው አይለይም፤ ለሁሉም የሚሰጠው ምላሽ አንድ ሲሆን እሱም መያዝ ነው። ብልሽት የሚያደርሰው ጉዳት ቢኖር ባቡሩን ያለ ቦታው ማቆም ብቻ ሆነ።

አዲሱ ፍሬን ብቃቱን ለማስመስከር ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። በ1875 በእንግሊዝ አገር በኒውአርክ አቅራቢያ ልዩ ልዩ የፍሬን ዓይነቶች ተወዳድረው ከፍተኛ ውጤት ያስመዘገበው እሱ ነበር። ሆኖም በብቃት መመስከርና በሥራ ላይ መዋል የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በርካታ የባቡር ኩባንያዎች በዋጋው ምክንያት ወይም የለመዱትን ላለመተው አዲሱን ፍሬን ሳይገጥሙ ቆዩ። የሚያስገድድ ሕግም አልነበረም።

የመዘግየቱ ዋጋ ጁን 12 ቀን 1889 በአየርላንድ አርማ ከተማ አቅራቢያ ታየ። ለሽርሽር የወጡ፣ በርካታ ሕፃናት የሚገኙባቸው መንገደኞችን የጫነ ባቡር ዳገት ላይ መሳብ አቅቶት ቆመ። ሠራተኞቹ ባቡሩን ለሁለት ከፍለው የፊተኛውን ክፍል አስቀድመው ለመውሰድ ወሰኑ። በባቡሩ ላይ የነበረው ፍሬን ሲለያይ የሚለቅ ዓይነት ነበር። የኋለኞቹ 10 ፉርጎዎች የቀራቸው የእጅ ፍሬንና ከመንኮራኩሮቹ ሥር የተወሸቁ ድንጋዮች ብቻ ነበሩ። የፊተኛው ክፍል ለመነሳት ሲሞክር ጥቂት ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ነካቸው፤ ድንጋዮቹ ደቀቁ፤ ፉርጎዎቹም ቁልቁል ተምዘግዝገው ከኋላ ከሚመጣው ባቡር ጋር ተላተሙ። በአደጋው 80 ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡ ሲሆን ከ200 በላይ የሚሆኑት ቆስለዋል። ባቡሩ ሲለያይ የሚይዝ ፍሬን ቢኖረው ፉርጎዎቹ ከቆሙበት ባልተንቀሳቀሱ ነበር። የብሪታንያ ፓርላማ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ የመንገደኛ ባቡሮች በሙሉ ሲበላሹ የሚይዝ ፍሬን እንዲገጠምላቸው የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። መፍትሔው ከተገኘ 17 ዓመታት ተቆጥረው ነበር።

በአሜሪካም ሁኔታው ከዚህ የተለየ አልነበረም። በጭነት ባቡሮች ላይ ፍሬን ያዦች በጣሪያ ላይ መሮጣቸውን ቀጥለዋል፤ በየዓመቱም በሺዎች የሚቆጠሩ የባቡር ሠራተኞች በሥራ ላይ ይሞቱና ይቆስሉ ነበር። በአንድ በኩል ለረጅም የጭነት ባቡር የሚበቃ ፍሬን ገና አልተገኘም የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ነበር። በእርግጥም በ1886ና በ1887 በአዮዋ ግዛት በርሊንግተን ላይ 50 ፉርጎ ባላቸው ባቡሮች በተካሄደው ሙከራ የዌስቲንግሃውስ ፍሬን ችግር ገጠመው። የግፊቱ መቀነስ ከፊት ተነስቶ ኋላ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ የፊተኞቹ ፉርጎዎች ሲቆሙ የኋለኞቹ በኃይል ይላተሟቸው ነበር። ዌስቲንግሃውስ ውጤቱን አላስተባበለም። ወደ ወርክሾፑ ተመልሶ በጥቂት ወራት ውስጥ እያንዳንዱ ፉርጎ ምልክቱ ሲደርሰው በራሱ በኩል አየር አስወጥቶ ለቀጣዩ በፍጥነት የሚያስተላልፍበትን ቫልቭ ሠራ። ከዚያም ባለ 50 ፉርጎ ባቡር አዘጋጅቶ በልዩ ልዩ ከተሞች እየዞረ አሠራሩን በይፋ አሳየ። ከዚህ በኋላ ቴክኒካዊው ሰበብ አበቃ።

የቀረው የሕግ ሥራ ነበር። በአዮዋ ግዛት ሎሬንዞ ኮፊን የተባለ ገበሬ የባቡር ሠራተኞችን ጉዳት ተመልክቶ፣ ፉርጎዎች የአየር ፍሬንና ራሱን የሚቆልፍ ማያያዣ እንዲኖራቸው ለዓመታት ሳይታክት ተሟገተ። ማርች 2 ቀን 1893 ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን የባቡር ደኅንነት መሣሪያዎችን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ነጂው በሠራተኞች የእጅ ፍሬን ሳይረዳ የባቡሩን ፍጥነት መቆጣጠር የሚችልበት መሣሪያ እንዲኖር የሚያስገድድ ሲሆን፣ የተሰጠው የማሟያ ጊዜ ተራዝሞ በ1900 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። በጣሪያ ላይ የመሮጥ ሥራም ቀስ በቀስ ታሪክ ሆነ።

ዌስቲንግሃውስ በዚህ መካከል በሌላ መስክም ስሙን አስጠርቷል። በ1886 የኤሌክትሪክ ኩባንያ አቋቁሞ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ለሕዝብ አገልግሎት እንዲውል አደረገ። በ1888 የኒኮላ ቴስላን የፈጠራ መብቶች ገዛ፤ ቀጥተኛ ጅረትን ከሚደግፈው ከቶማስ ኤዲሰን ወገን ጋርም ብርቱ ፉክክር ውስጥ ገባ። በ1893 የቺካጎን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተለዋዋጭ ጅረት አበራ፤ በ1896 ደግሞ የኩባንያው ጄኔሬተሮች ከናያጋራ ፏፏቴ ያመነጩት ኃይል ወደ ቡፋሎ ከተማ ደረሰ። ዛሬ ከግድቦቻችን ተነስቶ ወደ ከተሞቻችን የሚደርሰው ኃይል የሚጓዘውም በዚሁ ዓይነት ጅረት ነው። በሕይወት ዘመኑ ከ360 በላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብቶችን ያገኘ ሲሆን፣ 60 ያህል ኩባንያዎችን አቋቁሟል።

በ1907 በአሜሪካ የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ግን የኤሌክትሪክ ኩባንያውን አመራር አሳጣው። በ1911 ከኩባንያው ጋር ያለው ግንኙነት ፈጽሞ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ሜዳልያ የሸለመው ሲሆን፣ ሽልማቱ በተቀናቃኙ በኤዲሰን ስም የተሰየመ መሆኑ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው። በመጨረሻ ዓመታቱ ለመኪናዎች መንገጫገጭን የሚቀንስ በአየር የሚሠራ መሣሪያ በማሻሻል ላይ ነበር። ማርች 12 ቀን 1914 በ67 ዓመቱ በኒውዮርክ ከተማ አረፈ። በእርስ በርስ ጦርነቱ በመዝመቱም በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር አስከሬኑ አርፏል።

የአየር ፍሬን ከሐዲድ ወጥቶ ወደ አስፋልት የመጣው ከእሱ ሞት በኋላ ነው። የጭነት መኪናዎች እየከበዱ ሲሄዱ በእግር ጉልበትና በዘይት ግፊት ብቻ ማቆም አስቸጋሪ ሆነ። በ1920ዎቹ የታመቀ አየር በጭነት መኪናዎችና በአውቶቡሶች ላይ መሥራት ጀመረ። በ1930ም የዌስቲንግሃውስ ኤር ብሬክ ኩባንያ ከቤንዲክስ ጋር በመሆን ለተሽከርካሪዎች ብቻ የአየር ፍሬን የሚያመርት ድርጅት አቋቋመ።

የዛሬው ከባድ ተሽከርካሪ ፍሬን እንደሚከተለው ይሠራል። በሞተሩ ኃይል የሚዞር ኮምፕሬሰር አየር አምቆ ታንኮችን ይሞላል። ግፊቱ በአብዛኛው ከ8 እስከ 9 ባር የሚደርስ ሲሆን፣ ይህም በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው አራት እጥፍ ገደማ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ቫልቭ ይከፈትና አየሩ በየጎማው ወዳለው የፍሬን ክፍል ይገባል፤ በዚያም ዘንግ ገፍቶ የፍሬን ሸራውን ታምቡር ከሚባለው ክብ ብረት ጋር ያጣብቀዋል። አየሩ በሁለት የተለያዩ መስመሮች የተከፈለ በመሆኑ አንዱ መስመር ቢበላሽ ሌላው ይሠራል።

እስከዚህ ያለው አሠራር አየር ሲገባ የሚይዝ ነው፤ ማለትም ዌስቲንግሃውስ በ1869 ከሠራው ጋር ይመሳሰላል። የ1872ቱ ሐሳብ የሚገኘው በኋላ ጎማዎች የፍሬን ክፍል ውስጥ በተሸሸገው ሌላ ነገር ላይ ነው። በዚያ ሞላ የምንለው እጅግ ጠንካራ ጥቅል ብረት አለ። ሞላው በባሕርዩ ፍሬኑን ለማስያዝ ይገፋል፤ ጨምቆ የሚያቆየው የታመቀው አየር ብቻ ነው። ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ሲይዝ ከሞላው ላይ አየሩን ያስወጣል። አየሩ በብልሽት ከወጣም ሞላው ተፈትቶ ፍሬኑን ይይዛል። ከዚያ በፊት ግፊቱ ወደ 4 ባር ገደማ ሲወርድ የማስጠንቀቂያ መብራት ወይም ድምፅ ሾፌሩን ያነቃዋል። ተሳቢውም ከፊተኛው ተሽከርካሪ ጋር በሁለት ቱቦዎች የተያያዘ ነው። በአንደኛው ታንኩን የሚሞላው አየር ይመጣል፤ በሌላኛው የፍሬን ትእዛዝ ይተላለፋል። ተሳቢው ተላቅቆ አቅርቦቱ ከተቋረጠ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል፤ በፊተኛው ተሽከርካሪ ላይ ያለ ቫልቭም ተዘግቶ የቀረው አየር እንዳይባክን ይጠብቃል።

ሞላ መጨመሩ ከዌስቲንግሃውስ ሐሳብ አንድ እርምጃ የራቀ መሻሻል ነው። በባቡር ላይ ፍሬኑን የሚያሲዘው በፉርጎው ታንክ የተጠራቀመ አየር በመሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየሩ ቀስ በቀስ ካለቀ የሚይዝ ኃይል አይኖርም። የእጅ ፍሬን እስከ ዛሬ አስፈላጊ የሆነውም ለዚህ ነው። ጁላይ 6 ቀን 2013 በካናዳ ላክ ሜጋንቲክ ከተማ የደረሰው አደጋ ይህንኑ ያስታውሳል። ድፍድፍ ነዳጅ የጫኑ 72 ፉርጎዎች ያሉት ባቡር በቂ የእጅ ፍሬን ሳይያዝለት ተዳፋት ላይ ቆሞ ነበር። በሎኮሞቲቩ ላይ በተነሳ እሳት ምክንያት ሞተሩ ሲጠፋ የሎኮሞቲቮቹን ፍሬን የያዘው አየር አለቀ፤ ባቡሩም ወደ ከተማዋ ወርዶ 47 ሰዎች ሞቱ። አየር ይሾልካል፤ ሞላ ግን አይሾልክም።

ሞላም ቢሆን ሊያደርግ የሚችለው ነገር ወሰን አለው። ፍሬን የሚሠራው የተሽከርካሪውን ጉልበት ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። 40 ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ በፍሬን ብቻ ከተያዘ የሚፈጠረው ሙቀት ከ1 ሺህ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሙቀት በታምቡሮቹ ላይ ሲያርፍ ሸራው የመያዝ አቅሙን ያጣል። በዚያን ጊዜ አየሩ ሙሉ ነው፤ ቱቦው ደኅና ነው፤ የተበጠሰ ነገር የለም፤ ተሽከርካሪው ግን አይቆምም። ለዚህ መፍትሔው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ኃይል መያዝ ሲሆን፣ ማርሽ ነጻ አድርጎ መውረድ ደግሞ ተቃራኒው ነው።

ሸራው ያለቀ ወይም ማስተካከያው የላላ ፍሬንም እንዲሁ ነው። ዘንጉ የሚገፋበት ርቀት ስለሚረዝም አየሩም ሆነ ሞላው ሙሉ ኃይሉን ከታምቡሩ ላይ አያሳርፍም። በየዕለቱ ያልተፈሰሰ የታንክ ውኃ የአየሩን ቦታ ይይዛል፤ ቫልቮችንም ያዝጋል። ከሁሉም የከፋው አየር የሚያሾልክን ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ላለማቆም ሲባል ሞላውን በብሎን ስቦ አስሮ ጉዞ መቀጠል ነው። ብሎኑ የተሠራው ተሽከርካሪውን ለመጎተትና ለጥገና ሲሆን፣ በዚህ ሁኔታ የሚጓዝ መኪና ከ1872 ወደ 1869 ተመልሷል ማለት ነው። በእርግጥም አየሩ ካለቀ የሚይዘው ነገር የለም።

የዌስቲንግሃውስ ሕይወት ለመንግሥት ሠራተኛ የሚተወው ትምህርት ይኸው ነው። ሲበጠስ የሚይዝ ፍሬን ከተፈለሰፈበት ዕለት ጀምሮ በብሪታንያ 17 ዓመት፣ በአሜሪካ 21 ዓመት ሕግ ጠብቋል። በእነዚያ ዓመታት ከባቡር ጣሪያ የወደቁት ሠራተኞችም ሆኑ በአርማ ያለቁት ሕፃናት የሞቱት መፍትሔ ጠፍቶ አልነበረም። መፍትሔው በእጅ እያለ የሚያስገድደውና የሚቆጣጠረው ስለዘገየ ነው። ዛሬ መሣሪያው ከፋብሪካው ተገጥሞ ይመጣል። የቀረው ሥራ የተሽከርካሪ መርማሪው ዘንጉ የሚገፋበትን ርቀት ለክቶ መመዝገቡ፣ ባለንብረቱ ሸራ በወቅቱ መለወጡ፣ ሾፌሩ ማለዳ ታንኩን አፍስሶ የሚሾልክ አየር ድምፅ መኖር አለመኖሩን ማዳመጡ ነው። እነዚህ ሲሟሉ ቁልቁለት ላይ የሚበጠስ ቱቦ ተሽከርካሪውን ያለ ቦታው ያቆመዋል፤ ሾፌሩም ወርዶ የተበጠሰውን ይፈልጋል።